ከመደርደሪያ ወደ ሰባተኛ፤ የምህንድስና መመረቂያ ሥራዎችን ከኢንዱስትሪ ጋር አያይዞ ስለ መምራት

(ለሙያ ማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ አትክልት ተራን፥ ጎጃም በረንዳንና አውቶቡስ ተራን ካለፈ በኋላ ሰባተኛ ይደርሳል። ከሰባተኛም በአብነትና በዳርማር በኩል አድርጎ ልደታ ይገባል። በሰባተኛና በዙሪያው ባለው የመርካቶ ክልል ብረት የሚቆርጥ፥ የሚበይድ፥ በርሜል ቀድዶ ምድጃ የሚሠራ፥ ያገለገለ ጎማ ወደ ጫማ የሚለውጥ፥ የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ከጧት እስከ ማታ ሲሠራ ይውላል። በልደታ ደግሞ ሥረ መሠረቱ በ1940ዎቹ ወደ ተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም የሚመለስ የከፍተኛ ትምህርት ግቢ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በባቡር ሦስት ጣቢያ ብቻ ነው። በሥራ ግንኙነት በኩል ያለው ርቀት ግን ከዚህ እጅግ የሰፋ መሆኑን በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

በያመቱ በልደታ ብቻ ሳይሆን በአምስት ኪሎ፥ በባሕር ዳር፥ በአዳማ፥ በአርባ ምንጭና በሌሎችም ግቢዎች የሚማሩ የምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ያቀርባሉ። ሥራው ይጠረዛል፥ በፈታኞች ፊት ይነበባል፥ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ወደ መደርደሪያ ይገባል። በሰባተኛ ያለው ባለሙያ በበኩሉ መልስ ያላገኘላቸውን ጥያቄዎች ይዞ ሥራውን ይቀጥላል። አንደኛው ወገን ጥያቄ ፍለጋ ሲደክም፥ ሌላው ወገን መልስ አጥቶ ይቀመጣል። የዚህ ንግግር ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ማንኛውም የምህንድስና መመረቂያ ሥራ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ አንድ ባለጉዳይ ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። ባለጉዳይ ማለት ጥያቄውን ያቀረበ፥ በሥራው ሂደት የሚጠየቅ፥ በመጨረሻም ውጤቱን በእጁ የሚረከብ ሰው ማለት ነው።

1. እስከ ዛሬ የተደረገው ጥረት

ትምህርትን ከሥራ ጋር የማገናኘት ሐሳብ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋም ከመነሻው በተግባር ትምህርት ላይ ያተኮረ ነበር። የቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ሕዝቡ ወጥተው እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር። በዚህ አገልግሎት አብዛኞቹ በመምህርነት ቢሠማሩም፥ ትምህርት በግቢ አጥር ውስጥ ብቻ እንደማይፈጸም በተግባር የታየበት ነው።

በ1998 ዓ.ም. በጀርመን መንግሥት ትብብር የተጀመረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ደግሞ ጉዳዩን ወደ ሥርዓተ ትምህርቱ አስገባው። በዚያ ማሻሻያ የምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት አምስት ዓመት እንዲሆንና ተማሪው አንድ መንፈቅ በኢንዱስትሪ ውስጥ እንዲለማመድ ተደረገ። ወዲያውም ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪዎች መቶኛ 70 የሚሆኑት በሳይንስና በቴክኖሎጂ መስክ እንዲመደቡ ተወሰነ፤ በ2003 ዓ.ም.ም የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ።

እነዚህ እርምጃዎች መልካም ቢሆኑም አንድ ክፍተት ትተዋል። የተማሪው ቍጥር በፍጥነት ሲያድግ፥ ተማሪ ተቀብሎ ሊያሠራ የሚችለው ትልቅ ፋብሪካ ቍጥር በዚያው መጠን አላደገም። ስለሆነም ብዙ ተማሪ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ይዞ ከበር ወደ በር ይዞራል፤ ተቀባይ ቢያገኝም ወንበር ተሰጥቶት የሌላውን ሥራ ሲመለከት ወራቱን ይፈጽማል። ከሁሉም የሚያሳዝነው በልምምዱ ጊዜ ያየው ችግር ወደ መመረቂያ ሥራው የሚሸጋገርበት ሥርዓት አለመኖሩ ነው። ልምምዱ በአንድ ቅጽ ተሞልቶ ይዘጋል፤ የመመረቂያው ርእስ ደግሞ ከአሮጌ ጥራዝ ወይም ከባዕድ አገር ጽሑፍ እንደገና ይፈለጋል።

ባለጉዳይ የሌለው ሥራ ሌላም መዘዝ አለው። ውጤቱን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ፥ ሥራውን ማን እንደሠራው የሚጠይቅም አይኖርም። የሌላውን ጥራዝ ገልብጦ ማቅረብና በገንዘብ ማስጻፍ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ባለጉዳይ ያለውን ሥራ ግን መግዛት አይቻልም፤ ባለወርክሾፑ ከደጁ እየተመላለሰ ሲለካና ሲጠይቅ የከረመውን ተማሪ በመልኩ ያውቀዋልና።

2. ኢንዱስትሪ ማነው?

«ኢንዱስትሪ» ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚታየው ጭስ ማውጫ ያለው ፋብሪካ ነው። በዚህ አመለካከት ሰባተኛ ኢንዱስትሪ አይደለችም። ይሁን እንጂ ምናለሽ ተራ የሚሠራው ሰው ጥሬ ዕቃ ይገዛል፥ ቅርጽ ይሰጣል፥ ዋጋ ያወጣል፥ ደንበኛ ያረካል፤ ሥራው ቢበላሽም ኪሳራው የራሱ ነው። በሸራ ተራ የጫማ ዕቃ የሚገዙ አነስተኛ የጫማ ሠሪዎችም እንዲሁ ናቸው። መጠኑ ያንሳል እንጂ የኢንዱስትሪ ባሕርይ ሁሉ በእነርሱ ዘንድ አለ። እንዲያውም ለተማሪ የሚጠቅም አንድ ብልጫ አላቸው፤ ሠሪው፥ ሻጩና ውሳኔ ሰጪው አንድ ሰው በመሆኑ ጥያቄ በጧት ቀርቦ መልሱ በማታ ሊገኝ ይችላል።

ይህ አካሄድ ፍሬ እንደሚያፈራ የሚያሳይ ምሳሌ በአገር ውስጥ አለ። በ1980ዎቹ በተካሄደው የምድጃ ማሻሻያ ሥራ «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ለገበያ ቀረበ። ውስጡ ሸክላ፥ ውጭው ቆርቆሮ የሆነው ይህ ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ከሰል ይቆጥባል። ሊስፋፋ የቻለው ግን በቁጠባው ብቻ አይደለም። ቆርቆሮውን ቆርቆሮ ቀጥቃጩ፥ ሸክላውን ሸክላ ሠሪዋ ቀድሞ በያዙት መሣሪያና በለመዱት ሙያ ሊሠሩት በመቻላቸው ነው። ንድፉ የሠሪውን እጅ አስቀድሞ ያሰበ ነበር።

ትልልቁ ሥራም ቢሆን ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደለም። በሰባተኛ የሚያልፈው የባቡር መስመር በ41 ባቡሮች ሥራ ቢጀምርም፥ ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕጥረት ቆመው እንደነበር በይፋ ተነግሯል። መለዋወጫ መለካት፥ መሳልና በአገር ውስጥ ሊሠራ የሚችለውን ከማይችለው መለየት ለተመራቂ ተማሪዎች ቡድን የሚመጥን ሥራ ነው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው የእሳት ቃጠሎም የገበያ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ መስመር፥ የመውጫ መንገድና የውኃ አቅርቦት ምን ያህል ጥናት እንደሚሹ አመልክቷል። ጥያቄው በደጅ ተቀምጦ ሳለ ርእስ ጠፋ ማለት አይቻልም።

3. የአንድ ምጣድ ምሳሌ

ነገሩን በአንድ ዕቃ ላይ መመልከት ይሻላል። በአነስተኛ ወርክሾፖች የሚሠራው የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ በከተማው ቤት ሁሉ የታወቀ ነው። በሸክላው ሥር በተቀረጸው ቦይ የማሞቂያ ሽቦ ይጋደማል፤ ሁሉም በላሜራ አካል ላይ ይቀመጣል። ኃይሉ ብዙውን ጊዜ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ነው።

ለመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች «ምጣዱ እስኪግል የሚጠፋውን ኃይል መቀነስ ይቻላልን?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብ፥ የመጀመሪያው ስሌት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም። የሸክላው ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ክብደቱ ወደ 11 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህን ሸክላ ከ20 ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለማድረስ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ በ3.5 ኪሎ ዋት ወደ ዘጠኝ ደቂቃ መሆኑ ነው። ወደ ጎንና ወደ ታች የሚባክነው ሙቀት ሲታከል ጊዜው ይረዝማል። ውፍረቱ ወደ 1.5 ሳንቲ ሜትር ቢቀንስ ለሸክላው ማጋያ የሚጠፋው ኃይል በሩብ ይቀንሳል። በወረቀት ላይ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል።

ተማሪው ይህን ይዞ ወደ ወርክሾፑ ሲሄድ ግን እውነተኛው ትምህርት ይጀምራል። ሸክላ ሠሪዋ የሳሳው ሸክላ በእሳት ሲጠበስ እንደሚሰነጠቅ፥ ከመርካቶ እስከ ገዢው ቤት ሲጓጓዝም እንደሚሰበር ትነግረዋለች። ባለወርክሾፑ ደግሞ ቦይው በሳሳ ሸክላ ላይ ሲቀረጽ ሽቦው ወደ ላይ ቀርቦ እንጀራውን በመሥመር እንደሚያሳርር ያሳየዋል። «ልጄ፥ አንድ ከተመለሰብኝ የአምስቱ ትርፍ ሄደ» ቢለው፥ ይህ አነጋገር በምህንድስና ቋንቋ የአስተማማኝነት መለኪያ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይለወጣል፤ ሸክላውን ከማሳሳት ይልቅ ከሥር የሚባክነውን ሙቀት መከላከል፥ ወይም የቦይውን አቀማመጥ መለወጥ ይሻል እንደሆነ መፈተን ያስፈልጋል። ሌላም ነገር ይወጣል፤ 3.5 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ የተለመደውን ሶኬት እስከ አቅሙ ጫፍ ያደርሰዋል፤ የሶኬትና የሽቦ መጋል ጉዳይም የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪውን ወደ ቡድኑ ይጠራዋል።

ስሌቱን ያስተማረው ዩኒቨርሲቲው ነው። ስሌቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ያስተማረው ግን ወርክሾፑ ነው። በፕሮጀክት ላይ የተመሠረተ ትምህርት ማለትም ይኸው ነው።

4. የአመራሩ ሥርዓት

በጎ ፈቃድ ብቻውን ሥራ አይመራም። ተማሪን «ሂድና ኢንዱስትሪ ፈልግ» ብሎ መልቀቅ አመራር አይባልም። በሌላው ዓለም የተሳካላቸው ተቋሞች ያቆሙት ሥርዓት ነው። በአሜሪካ የሚገኘው ሃርቪ ማድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1963 በጀመረው አሠራር እያንዳንዱ የተማሪ ቡድን ከድርጅት የመጣ ጥያቄ ይዞ፥ በአንድ መምህርና በአንድ የድርጅቱ ተጠሪ እየተመራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የዴንማርክ ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከየመንፈቁ ትምህርት ግማሽ ያህሉን ለቡድን ፕሮጀክት አውሏል። የእነርሱን ሀብት እዚህ መጠበቅ አይገባም፤ ሥርዓቱን ግን እንደ አቅም ማደራጀት ይቻላል። ለዚህም የሚከተሉት ስድስት ነጥቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፥ ጥያቄውን የሚሰበስበው የትምህርት ክፍሉ ይሁን። ተማሪዎች ከዕረፍት ከመመለሳቸው በፊት መምህራን በየወርክሾፑና በየድርጅቱ ዞረው ጥያቄዎችን ይመዝግቡ። በልምምድ መንፈቅ ተማሪዎች ያዩት ችግርም በዚሁ መዝገብ ይግባ።

ሁለተኛ፥ በአንድ ገጽ የሚጠቃለል ስምምነት በአማርኛ ይጻፍ። ተማሪው፥ አማካሪውና ባለጉዳዩ ይፈርሙበት። ምን እንደሚሠራ፥ ምን እንደማይሠራ፥ የፈተና ዕቃውን ወጪ ማን እንደሚችል፥ ተማሪው በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመጣ በግልጽ ይነገርበት። ባለሙያው በገበያ ቀን መታወክ የለበትም።

ሦስተኛ፥ የመጀመሪያው ወር የመለካትና የመጠየቅ ብቻ ይሁን። በዚህ ወር ንድፍ መሳል ባይፈቀድ ይመረጣል። ቀድሞ የተሳለ ንድፍ ቀድሞ የተሰጠ ፍርድ ነውና።

አራተኛ፥ በመጀመሪያው መንፈቅ ማብቂያ ላይ የውሳኔ ቀን ይኑር። ሦስቱ ወገኖች ተገናኝተው ሥራው እንዲቀጥል፥ እንዲጠብ ወይም እንዲለወጥ ይወስኑ። የመመረቂያ ሥራ የሚበላሸው ባለመቻል ብቻ አይደለም፤ እንደማይቻል ዘግይቶ በማወቅም ጭምር ነው።

አምስተኛ፥ ፈተናው በሥራው ቦታ ይደረግ፤ ባለጉዳዩም ከፈታኞች አንዱ ይሁን። ስለ ስሌቱ መምህራን ይፍረዱ፤ ይሠራል ወይስ አይሠራም ስለሚለው ግን የባለሙያው ቃል ዋጋ ይሰጠው። አልሠራ ያለ ሙከራም ለምን እንዳልሠራ በሚገባ ከተመረመረና ከተጻፈ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይገባዋል። ይህ ካልሆነ ተማሪው ያልሠራውን ሠራ ብሎ እንዲጽፍ መገፋቱ አይቀርም።

ስድስተኛ፥ ከጥራዙ ጋር ሁለት ገጽ የአማርኛ ማስረከቢያ ይዘጋጅ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለ ምጣድ የተጻፈውን መቶ ገጽ ግን ምጣድ ሠሪው ሊያነበው አይችልም። መጠኑን፥ ሥዕሉን፥ የዕቃውን ዝርዝርና ዋጋውን የያዘ ሁለት ገጽ በባለጉዳዩ እጅ ካልገባ ሥራው ተፈጽሟል ሊባል አይገባም።

ይህ ሁሉ የመምህራንን ጉልበት ከአቅም በላይ የሚጠይቅ ሊመስል ይችላል። 60 ተመራቂ ያለው የትምህርት ክፍል በአራት በአራት ቢያደራጃቸው 15 ቡድን ይሆናል፤ አምስት አማካሪዎች ቢኖሩ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ሦስት ቡድን ነው። ለየቡድኑ በሳምንት አንድ ሰዓት በግቢ፥ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ በሥራ ቦታ ቢመደብ የሚቻል ነው። ነገር ግን ይህ ሰዓት እንደ ማስተማሪያ ሰዓት መቈጠር አለበት። መምህሩ በትርፍ ጊዜውና በራሱ የትራንስፖርት ወጪ እንዲፈጽመው ከተተወ፥ ሥርዓቱ ከአንድ ዓመት በላይ አይቆይም።

5. ሊታለፉ የማይገባቸው ችግሮች

የመጀመሪያው የመቀዳዳት ጉዳይ ነው። በመርካቶ አንድ ሰው የጀመረው አዲስ ነገር ብዙ ሳይቆይ በጎረቤት ሱቅ ደጃፍ ይታያል። ስለዚህ ባለወርክሾፑ ለእንግዳ ሥራውን ለማሳየት ቢያመነታ አያስወቅሰውም። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው የአንድ ወርክሾፕ ምሥጢር ከሆነ ስምምነቱ ውጤቱ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይታተም ይደንግግ፤ ጥያቄው የተራው ሁሉ ከሆነ ደግሞ ከመነሻው ከብዙ ባለሙያዎች ጋር በጋራ ይሠራ። ሁለቱን ሳይለዩ መግባት ግን ከአንድ ባለሙያ የተገኘውን ዕውቀት ለሌላው በነፃ ማደል ይሆናል።

ሁለተኛው የባለሙያው ጊዜ ነው። ተማሪ ሲያስረዳ የዋለበት ቀን ገቢ ያልተገኘበት ቀን ነው። ቢያንስ ለሙከራ የሚጠፋው ላሜራ፥ ሽቦና ሸክላ በትምህርት ክፍሉ በጀት ሊሸፈን ይገባል።

ሦስተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። የብየዳ መነጽርና የእጅ ጓንት ሳይኖረው፥ የኤሌክትሪክ ጥንቃቄም ሳይማር ተማሪን ወደ ሥራ ቦታ መላክ አይገባም። ስለ አደጋ ኃላፊነት አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ያስፈልጋል።

አራተኛው የጊዜ ሽሚያ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። በመሆኑም በመጨረሻው መንፈቅ የተማሪው ልብ ወደ ፈተናው ማዘንበሉ የማይቀር ነው። የመመረቂያው ሥራ በዚያ መንፈቅ ብቻ የሚጀመር ከሆነ መሸነፉ አይቀርም፤ ከልምምዱ ጊዜ ከተጀመረ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።

ክቡራትና ክቡራን፥

በዚህ አዳራሽ ከተሰበሰቡት የሙያው ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ የመመረቂያ ሥራ ጽፈዋል። ያ ጥራዝ ዛሬ የት እንዳለ፥ ማን እንዳነበበውና ማን እንደተጠቀመበት እያንዳንዱ ለራሱ ቢጠይቅ የዚህ ንግግር ምክንያት ይገለጥለታል። ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓቱን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ባለጉዳዩን ከተማሪው ጋር ሊያገናኝ የሚችለው ግን በሁለቱም ወገን የሚታመነው መሐንዲስ ነው። የቴክኒክ ቃሉን ለባለሙያው በአማርኛ፥ የባለሙያውን ችግር ለተማሪው በቁጥር ሊያስረዳ የሚችል እርሱ ነው።

ስለዚህ ከማኅበሩ አባላት የሚጠየቀው ከባድ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ አባል ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት፥ ከሚያውቀው ወርክሾፕ ወይም ከሚገበይበት ተራ በዓመት አንድ ጥያቄ ከነባለጉዳዩ አምጥቶ ለአንድ የትምህርት ክፍል ያስረክብ። በዓመቱ መጨረሻም ከተማሪዎቹ ጋር ወደዚያው ቦታ ሄዶ ሁለቱ ገጽ በባለጉዳዩ እጅ መግባቱን ይመልከት። ከልደታ እስከ ሰባተኛ መንገዱ ሦስት ጣቢያ ነው፤ የሚጎድለው የሚመላለስበት ሰው ነው።